መስኮቱ አልከፈት ሲል

በእኛ ቤት «አገልጋይ» ሲባል ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማይክራፎኑን የያዘው፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠው፣ ፎቶው በኮንፈረንስ ፖስተር ላይ የወጣው ነው። ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ጌታ የነገራቸውን በሉቃስ 22 ሁላችንም አንብበነዋል፤ ወንበሮቻችን ግን ገና አልሰሙትም።

የኮምፒውተር ሰዎችም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ሰርቨር ማለት በቁሙ አገልጋይ ማለት ነው፤ ቃሉ ሲነሣ ግን ሰው የሚያስበው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለውን ትልቁን ማሽን ነው። እኛ ፊት ያለችው ትንሿ ላፕቶፕ ጠያቂ ናት፣ ተገልጋይ ናት። በአንድ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራን ፕሮግራም መስኮት በሌላ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለማየት የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋልና።

ይህን የሚያደርገው ሲስተም ኤክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ የጀመሩት ነው። ከእርሱ በፊት ደብልዩ የሚባል ሲስተም ስለነበረ ለአዲሱ የሚቀጥለውን ፊደል ሰጡት። ዛሬም የምንጠቀምበት አሥራ አንደኛው እትም በ1987 ወጣ። በኤክስ አሠራር ሰርቨሩ ሰው ፊት የተቀመጠው ነው፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው። በሩቁ ኃይለኛ ማሽን ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ተገልጋይ ሆኖ ይለምናል፦ እባክህ መስኮት ክፈትልኝ፣ ይህን መስመር ሣልልኝ፣ ሰውየው የጻፈውን ንገረኝ ይላል። ጉልበቱ ወዲያ ነው፤ አገልጋዩ ግን ለሰው ዓይንና እጅ የቀረበው ነው።

ከየመሣሪያው ስብከት የሚያወጡ ሰባኪዎች እኔንም ያደክሙኛል። ይህን የማነሣው ትየርኪዲ ውስጥ ከዚህ ነገር ጋር ስንታገል አንድ ቀን ስለዋልንና በዚያ ቀን ከማሽኑ ይልቅ ስለ በር ብዙ ስላሰብሁ ነው።

ትየርኪዲን ለማታውቁ፦ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጁባ ላይ ሲፈነዳ ሕዝቡ በፓጋክ በኩል ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ መጠለያውም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተከፈተ። ነዋሪው በአብዛኛው ኑዌር ነው፤ ከነዋሪውም የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከአክስት ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ አንዳንዴም ከማያውቁት ሰው ኋላ ተከትለው ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ስሟን ከማልጠቅሳት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ መዝገብ አለ። የጀመረው በደብተር ነበር። ልጁ ማን ይባላል፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ መንደሩ፣ ማን አመጣው፣ አሁን ማን ያሳድገዋል። የስደተኞች ምዝገባ የመንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ሥራ ነው፤ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግም የቀይ መስቀልና የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ሥራ ነው። ይህኛው የእረኝነት መዝገብ ነው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልጠየቅን ለማወቅ የተጻፈ። ደብተሩ በዝናብ ወራት እርጥበት ሲበላው አንድ ትጉህ ወጣት ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው። ወጣቱ ለትምህርት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ቀረ።

ኮምፒውተሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሶላር ባትሪው አጠገብ በተቆለፈች ክፍል ውስጥ ያለ ጠንካራ ዴስክቶፕ ነው፤ ሁለተኛው በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ የሚውል አሮጌ ላፕቶፕ። ሁለቱም ኡቡንቱ ተጭኖባቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሚከፈል ፈቃድ የለበትም፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ዲስክ የሚያመጣውም ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ነው። በመካከላቸው በግድግዳው ቀዳዳ በኩል የገባ የኔትወርክ ገመድ አለ። ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ለምን አትገለብጡትም የምትሉ ትኖራላችሁ። ላፕቶፑን ወጣቶች ለመዝሙር ልምምድ ይወስዱታል፣ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ፣ ከሰው ጎጆ ያድራል። የልጆቹ ስም ከክፍሉ እንዳይወጣ ሽማግሌዎች ወስነዋል፤ እኔም ውሳኔያቸውን አከብራለሁ። መስኮቱ ብቻ በላፕቶፑ ላይ እንዲታይ፣ መዝገቡ ግን ከተቆለፈበት እንዳይነቃነቅ የተደረገው ለዚህ ነው።

በዚያ ቀን አንዲት ሴት መጣች። በቅርቡ የተሻገረች ናት፤ የእኅቷ ልጅ እዚህ አለ ሲሉ ሰምታለች። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ወንድም ለቀብር ወጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል ተባለ። ሴትየዋ ከአዳራሹ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ላፕቶፑ ላይ የምትሠራው ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ኑዌርኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ስለምትችል ለሽማግሌዎቹ አስተርጓሚም እርስዋ ናት።

«ፓስተር፣ ገብቻለሁ፤ ግን ምንም አይታይም» አለችኝ።

መግባቷ እውነት ነበር። ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ ገብታለች፤ ተርሚናሉ ላይ የምትጽፈው ትእዛዝ ሁሉ ይመልሳል። ኤስኤስኤች በፊንላንድ በ1995 ታቱ ዩሎነን የሠራው ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ሰዎች የይለፍ ቃል እየጠለፉ ቢያስቸግሩ በሁለት ማሽኖች መካከል የሚነገረውን ሁሉ የሚሰውር መንገድ አበጀ። በዚያ መንገድ ውስጥ የኤክስን መስኮት ማሳለፍ ይቻላል፤ ሲገቡ ትልቁን ኤክስ በሰረዝ መጨመር ነው። እርስዋም ጨምራለች። መሞከሪያ እንዲሆናት ኤክስክሎክ የሚባለውን ትንሽ ሰዓት ከፈተች፤ ተርሚናሉ እንዲለቃትም እንደተማረችው መጨረሻው ላይ የ«እና» ምልክት አደረገች። ስህተት የሚል ጽሑፍ አልመጣም። ሰዓቱም አልመጣም። ደግማ ከፈተች። እንደገና ደገመች።

ስህተት ቢጻፍ ኖሮ ይቀለን ነበር። «ዲስፕሌይ መክፈት አልቻልሁም» የሚለው የተለመደ ነው፤ ሲመጣ የት እንደሚታይ ይታወቃል። ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ቀርቶ መስኮቱም ከጠፋ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ መስኮቱ ተከፍቶ ይሆን? የት?

«ልጄ፣ ዲስፕሌይ ምን ይላል?» አልኋት።

ዲስፕሌይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር የሚያነበው አድራሻ ነው። መስኮቴን ወዴት ልላክ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። በኤስኤስኤች የገባ ሰው አድራሻው ባብዛኛው «ሎካልሆስት» ብሎ ሁለት ነጥብና 10.0 የሚል መሆን አለበት። ቁጥሩ ከ10 የሚጀምረው በማሽኑ ላይ ከተሰኩት እውነተኛ ስክሪኖች ጋር እንዳይጋጭ ነው። ባዶ ከሆነ ሰረዝ ኤክሱ ተረስቷል፤ ወይም በሩቁ ማሽን ያለው የኤስኤስኤች ቅንብር መስኮት ማሳለፍን ከልክሏል፤ ወይም ኤክስኦት የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም እዚያ አልተጫነም። የእኛው ባዶ አልነበረም። ሁለት ነጥብና ዜሮ ይላል። ትርጉሙም፦ እዚሁ፣ በዚህ ማሽን ላይ የተሰካው የመጀመሪያው ስክሪን።

ሰዓቶቹ ሁሉ በተቆለፈችው ክፍል፣ ማንም በማይቀመጥበት ስክሪን ላይ እየተከፈቱ ነበር።

ኤስኤስኤች ትክክለኛውን አድራሻ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በባሽአርሲ፣ ማለትም ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው የመነሻ ፋይል ውስጥ፣ አድራሻውን ወደ ዜሮ የሚመልስ አንድ መስመር ተጽፏል። የቀድሞው ወጣት ዴስክቶፑ ገና አዳራሹ ውስጥ ሳለ የመዝሙር ግጥም ትልቁ ስክሪን ላይ ከሩቅ ለመክፈት አስገብቶት ኖሯል። በጊዜው የሠራ መስመር ነው፤ ማሽኑ ቦታ ሲለውጥ መስመሩ ያው ቀረ። ልጅቱ ከፊቱ መሰላል የምትመስለውን ምልክት አድርጋ አስተኛችው፣ ወጥታ ገባች፤ አድራሻው 10.0 ሆነ። ሰዓቷ በላፕቶፑ ላይ ብቅ ስትል አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ልጆች አጨበጨቡ።

(ከዚህ ላይ ስለ ዳንኤል 10 ብዙ ማለት ይቻላል፤ ቃሉ ከመጀመሪያው ቀን ተሰምቶ መልሱ 21 ቀን በመንገድ ስለ መቆየቱ። ሰባኪዎች ሆይ፣ ለእናንተ ትቼላችኋለሁ።)

መዝገቡ ግን አሁንም አልተከፈተም። ልጅቱ የገባችው በቢሮው የጋራ ስም ነው፤ መዝገቡ ያለው በወጣቱ ስም ሥር ነው። ወጣቱ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለአንድ ሽማግሌ በወረቀት ትቶላቸዋል፤ እርሳቸውም በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አጥፈው አስቀምጠውታል። በእርሱ ስም ከውጭ በኤስኤስኤች ማንም እንዳይገባ ግን ራሱ ዘግቶታል፤ ብልህ ልጅ ነው። ስለዚህ በቢሮው ስም ከገቡ በኋላ ኤስዩ በሚባለው ትእዛዝ ከውስጥ ወደ እርሱ ስም መሻገር ያስፈልጋል። ተሻገረች፣ አድራሻውንም ሰጠችው፣ ሊብሬኦፊስን ከፈተች። አሁን ስህተቱ በጽሑፍ መጣ፦ የኤክስ ግንኙነቱ ማረጋገጫው ትክክል ስላልሆነ ተከልክሏል።

ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁ። ልጅቱ በኑዌርኛ ስትነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው የተናገሩትን ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ «በር ላይ ማን ነህ ብሎ ጠየቀ ማለት ነው?»

የኑዌር ሽማግሌ ይህን ሲጠይቅ ጥያቄው ስለ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። በዚያ ታኅሣሥ በጁባ ብዙ ኑዌሮች በቋንቋቸውና በግንባራቸው መስመር እየተለዩ ተገድለዋል። በሚያዝያ ደግሞ በቤንቲዩ ሌሎች በተራቸው በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ ይህን ያደረገው የሌላኛው ወገን ጦር ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን በር ያውቀዋል። በመሳፍንት 12 የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው «ሺቦሌት» በል እያሉ ጠየቁ፤ የኤፍሬም ሰው ምላሱ «ሺ» ማለት አልቻለም፤ 42,000 ሰው ወደቀ። ጠያቂውም ተጠያቂውም የእስራኤል ልጆች ነበሩ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥም መንገድ ላይ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታ ያልሆነባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እዚህ የምንኖር እናውቃቸዋለን።

ለሽማግሌው የመለስሁላቸውን እዚህም ልጻፈው፤ ቀኑን ሙሉ ከተነጋገርነው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛልና።

ኤክስ በር ላይ ሰውን የሚለይበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛውና አሮጌው በመነሻ ነው፦ ከየት ማሽን መጣህ? አድራሻህ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ካለ ትገባለህ፤ ከዚያ ማሽን የመጣ ሌባም አብሮህ ይገባል። ከሌላ ቦታ የመጣ ወዳጅ ውጭ ይቀራል። ሁለተኛው በተሰጠ ምልክት ነው። ስሙ ለፓስተር አይመችም፤ «ማጂክ ኩኪ» ይሉታል። አስማት የለበትም፤ 128 ቢት የሆነ፣ ሲጻፍ 32 ፊደልና አኃዝ የሚወጣው ምስጢር ነው። ሰርቨሩ ያንን ምልክት ለያዘ ሁሉ መስኮት ይከፍታል። ማሽኑ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ፣ በማን ስም ነው፣ ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነው፤ የተሰጠህ አለ?

«ሺቦሌት» አንተ ያልመረጥኸውን፣ እናትህ አፍህ ውስጥ ያስቀመጠችውን ይጠይቅሃል። ልታገኘው ብትፈልግም የሚሰጥህ የለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የምናነበው በር ግን የእግዚአብሔር ልጅ መሆንን ከደም አያይዘውም፤ ለተቀበሉት የተሰጠ ነው ይላል። በማቴዎስ 22 በሰርጉ ቤት የተጠየቀውም ሰው ስለ ልብሱ ነው የተጠየቀው፤ ከመንገድ መተላለፊያ ተጠርቶ መምጣቱን ማንም ነውር አላለበትም። በር መኖሩን አልካድሁም። በሩ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ነው የማየው። ይህን ስናገር ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጅቱ ግን ትርጉሙን ጨርሳ «ታዲያ ለዚህኛው ስም ለምን አልተሰጠውም?» ብላ ወደ ሥራው መለሰችን።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ምልክቱ ሰው በኤስኤስኤች ሲገባ ለገባበት ስም ብቻ ይጻፍለታል። ልጅቱ ወደ ሌላ ስም ስትሻገር ምልክቱ በቢሮው ስም ጓዳ ቀረ፤ እርስዋ ባዶ እጅዋን ተሻገረች።

እዚህ ላይ አንዱ ወንድም ለሚያውቀው ባለሙያ ከተማ ደወለ። ባለሙያው በቅንነት፣ ሳያመነታም መለሰ፦ «ላፕቶፑ ላይ ኤክስሆስት ፕላስ በሉና ይገላግላችሁ።» ይህ ምክር በዓለም ሁሉ የሚዞር ነው። ትእዛዙ ሁለት ቃል ነው፤ የሚያደርገው በሩን መንቀል ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን መድረስ የሚችል ማንኛውም ፕሮግራም ያለ ምልክት ይገባል። መግባት ማለት ደግሞ መስኮት መክፈት ብቻ አይደለም። ኤክስ ውስጥ የገባ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ማየት፣ በኪቦርድ የሚጻፈውንም ፊደል በፊደል መከታተል ይችላል። በዘመኑ ሊኑክስ ኤክስ ከኔትወርክ የሚመጣ ጥሪ እንዳይሰማ ተደርጎ ስለሚመጣ አደጋው እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም፤ ያ ላፕቶፕ ግን በስንት እጅ እንደሚያልፍ ነግሬአችኋለሁ።

ደግሞም አይረዳንም ነበር። የከለከለን የላፕቶፑ በር አይደለም፤ ምልክቱን በመንገድ ላይ የሚመረምረው ኤስኤስኤች ራሱ ነው። በሩን ብንነቅለው እርሱ እንደቆመ ይቆያል፤ እኛም ያልተከፈተ መስኮትና የተነቀለ በር ይዘን እንቀር ነበር። ይህን ምክር ተቀብለው «አልሠራም» ብለው ወደ ሌላ ሙከራ የሄዱ ሰዎች ትእዛዙን መልሰው አያጠፉትም።

ወንድማችን አልረካም። «ፓስተር፣ እኛ ስደተኞች ነን። በበር ስንጠየቅ ኖረናል። የቤተ ክርስቲያን ነገር ለሁሉ ክፍት ቢሆን ምን አለበት?» አለ። ከልቡ ነው፤ ቀላል መልስም የለውም። በበር የተጎዳ ሰው በርን ሁሉ ቢጠላ አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ያለው የእኔ ወይም የእርሱ ስም አይደለም። ወላጅ የሌላቸው ልጆች ስም፣ ያሉበት ዞንና ብሎክ፣ የሚያሳድጋቸው ሰው ስም ነው። ይህን ዝርዝር የሚፈልግ ሁሉ አክስት አይደለም። ልጅ ለሥራ የሚወስድ አለ፣ ለጋብቻ የሚፈልግ አለ፣ ለጦር የሚመለምል አለ። በዮሐንስ 10 የበጎች በረት በር አለው፣ በረኛም አለው፤ ጌታ ራሱን በር ብሎ ሲጠራ በጎቹ ወጥተው የሚሰማሩበትን ነው ያሳየው፣ ሌባው ደግሞ በሌላ በኩል የሚዘልበትን ምክንያት ነገረን። እነዚህ ልጆች ያለ በር አንድ ጊዜ አድረዋል።

ስለዚህ በሩን ትተን ምልክቱን አሻገርን። ሥራው አጭር ነው። በቢሮው ስም ሆና ኤክስኦት የያዘውን ዝርዝር እንዲያሳይ አዘዘች፤ ቁጥሩ 10 የሆነውን መስመር ሙሉውን ገለበጠች፤ ወደ ወጣቱ ስም ተሻግራ ያንኑ መስመር በኤክስኦት ጨመረች፤ ዲስፕሌይንም ወደ 10.0 አደረገች። የምልክቱን 32 ፊደልና አኃዝ ስታይ «ደብተር ላይ ልጻፈው?» ብላ ጠየቀች። አያስፈልግም። ከኤስኤስኤች ስትወጣ ያ ምልክት ያበቃል፤ ነገ ስትገባ ሌላ ይሰጣታል። ሽማግሌው ይህ ሲተረጎምላቸው መና ነዋ ብለው ሳቁ፤ በዚያ ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

ሊብሬኦፊስ ተከፈተ። ቀስ ይላል፤ ኤክስ ለእያንዳንዱ ትንሽ ነገር በሁለቱ ማሽኖች መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በአንድ ግድግዳ ቀዳዳ በሚያልፍ ገመድ ይቻላል። በሞባይል ኢንተርኔት ከከተማ ሆኖ እንዲህ መሥራት ግን ያስለቅሳል፤ ለዚያ የስክሪኑን ሥዕል ብቻ የሚልኩ እንደ ቪኤንሲ ያሉ መንገዶች ይሻላሉ። ይህን መዝገብ ከከተማ እንየው የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ፍጥነቱ አልተወያዩም፤ እምቢ ነው ያሉት።

እግረ መንገዴን፦ በዚህ መንገድ መስኮት ስታሳልፉ ሩቁን ማሽን እያመናችሁት መሆኑን አትርሱ። ስክሪናችሁን ለእርሱ ፕሮግራሞች ሰጥታችኋል፤ ያ ማሽን በክፉ እጅ ከሆነ እናንተ በዚህ የምትጽፉትን ሊያይ ይችላል። ምልክቱ እነርሱን ከእናንተ ብቻ አይደለም የሚያስጠብቀው፤ ለማን እንደምትሰጡም እናንተ መጠበቅ አለባችሁ። የማታውቁት ማሽን ላይ ገብታችሁ ሰረዝ ኤክስን በልማድ አትጨምሩ።

ቁልፍ የያዘው ወንድም ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቀብር ተመለሰ። ክፍሉን ሲከፍት በዚያ ስክሪን ላይ ሰባት ሰዓቶች ተደራርበው ተከፍተዋል፤ ሰባቱም ትክክል ይቆጥራሉ። ልጅቱ አንድ በአንድ ዘጋቻቸው።

ሴትየዋን ከዛፉ ሥር ጠራናት። «ማሌ» ተባባልን፤ ሽማግሌው ከጎኗ ተቀመጡ። ስክሪኑን አላዞርንላትም። ልጅቱ እየጠየቀች እርስዋ ትመልስ ነበር፦ የእኅትሽ ባል ስም፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ልጁ በምን ወቅት ተወለደ። በመዝገቡ ውስጥ በዚያ ስም ሁለት ልጆች ተገኙ። የአባት ስማቸውም አንድ ነው። የአያት ስም አንዱ ጋ በሌላ ፊደል ተጽፏል፣ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚያሳድጉት ሰዎች ከዚህ ዞን ወጥተው ሌላ ዞን ገብተዋል።

የትኛው እንደሆነ እኛ አልወሰንንም፤ የእኛም ሥራ አይደለም። ሽማግሌው የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ ይዘዋት ሊሄዱ ተነሡ። ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ልጅቱን አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ልጅቱም ወደ እኔ ዞራ «የሁለቱንም ስም ጸሎት ላይ ልትጠራ ትችል እንደሆነ ነው የምትለው» አለችኝ። ሁለቱንም ጠራን።